ኪኒን የሚውጠው ሰው የት አለ?

አማርኛ ለፍርሃት ስም አላነሰውም። ድንጋጤ አለ፤ ሥጋት አለ፤ ጭንቀት አለ፤ ሽብር አለ። «ሆዴን ባር ባር አለው» ይላል አንዱ፤ «ልቤ አልረጋልኝም» ትላለች ሌላዋ። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት ሁሉ ምክንያት ይፈልጋሉ። የተጨነቀ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም የልጅ ሕመም፣ የቤት ኪራይ፣ ጊዜው ያለፈበት የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ከአገር ቤት የመጣ መርዶ መሆን ይኖርበታል። ምንም ሳይሆን የሚጨነቅ ሰው ግን የሚመልሰው የለውም። የሚመልሰው ስለሌለውም ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምርበታል።

ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ሰው በካርቱም ዴም ሰፈር ለብዙ ዓመታት ፊልም ሲያከራይ የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። እንደ እርሱ ያሉት ብዙ ስለሆኑ ስሙ እዚህ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2019 ከጭንቀት ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 301 ሚሊዮን ነበር፤ ሕክምና የሚያገኙትም ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው ከአራቱ አንዱ ለመሆን የታደለ ነው፤ ማታ ማታ አንዲት ነጭ ኪኒን ይውጣል። ሁለት ነገሮች ያስከፉታል። አንደኛው ያለዚያች ኪኒን ውሎ ማደር አለመቻሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዘመኑ ፊልም ነው። ሁለቱ ቅሬታዎች ዝምድና እንዳላቸው የተገለጠለት ግን ቆይቶ ነው።

ጣሪያ የሌለው ሲኒማ

ሰውየው ወደ ካርቱም የገባው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በመተማና በገዳሪፍ በኩል ነው። ዓረብኛው ስላልገባው ሥራ ፍለጋ ሲወጣም ሆነ ዳቦ ሲገዛ ይሸማቀቅ ነበር። ሲኒማ ቤት ግን ቋንቋ አይጠይቅም። በዚያን ዘመን በካርቱም ኮሊሲየምና ብሉ ናይል፣ ከወንዙ ማዶ በባሕሪ ደግሞ ሐልፋያ የተባሉ ሲኒማ ቤቶች ነበሩ። ከሙቀቱ የተነሣ አብዛኞቹ የከተማዋ ሲኒማ ቤቶች ጣሪያ ስላልነበራቸው ፊልሙ የሚጀመረው ፀሐይ ጠልቃ አየሩ በረድ ሲል ነው። ሱዳኖች አብልጠው ይወዱት የነበረው የሕንድ ፊልም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ ዘፈን የበዛበት፣ እናትና ልጅ ተጠፋፍተው በመጨረሻ የሚገናኙበት። መቶዎች በአንድ ጊዜ ሲያለቅሱ አጠገቡ ያለውን ሰው ልብ የሚል የለም። እናቱን ጎንደር ላይ ትቶ የመጣው ልጅ ማልቀሻ ቦታ ያገኘው እዚያ ነበር።

ያ ዘመን ብዙ አልቆየም። በጁን 1989 ከተደረገው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ ብቻ ለሚሠራ ሲኒማ ደግሞ ሰዓት እላፊ ማለት መዘጋት ማለት ነው። ፊልም ያስመጣና ያከፋፍል የነበረው የመንግሥት ድርጅትም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። በመላ አገሪቱ ስድሳ ያህል እንደነበሩ የሚነገርላቸው ሲኒማ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። ሱዳናዊው ሱሐይብ ጋስም አልባሪ በ2019 ያወጣው «ስለ ዛፎች ማውራት» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የሚተርከው ይህንኑ ነው። አራት አዛውንት የፊልም ባለሙያዎች በኦምዱርማን የተዘጋ ሲኒማ ቤት ጠርገው፣ ሸራ ሰቅለው፣ ለአንድ ምሽት እንኳ ለሕዝብ ለመክፈት ይደክማሉ፤ ፈቃዱ ግን ከቢሮ ቢሮ እያንከራተተ አይገኝም። ሲኒማ ቤቱ «ሰውራ» ይባላል፤ አብዮት ማለት ነው። ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል ተሸልሟል።

ሲኒማው ሲዘጋ ፊልሙ ወደ ቤት ገባ። ሰውየውም በዴም አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ በመጀመሪያ የቪዲዮ ካሴት፣ ኋላም ቪሲዲ ማከራየት ጀመረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በዲጂታል ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ከአዲስ አበባ መምጣት ሲጀምሩ ሱቁ ሞቅ አለ። ስለ ኤች አይ ቪ የተሠራውን የቴዎድሮስ ተሾመን «ቀዝቃዛ ወላፈን» የተከራየ ሰው ሳያለቅስ አልመለሰም። ዋነኞቹ ደንበኞች በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ስለሆነ ሐሙስ ማታ ይመጣሉ። ጥያቄያቸውም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ጋሼ፣ የሚያስለቅስ አለ?» ሰውየው ጥያቄው አይገርመውም ነበር። ሳምንቱን በሙሉ በሰው ጓዳ ውስጥ ፊቷን ሳታጠቁር ስትሠራ የሰነበተች ልጅ ዓርብ የምትፈልገው ሳቅ ላይሆን እንደሚችል ከራሱ ያውቀዋል።

ድልድዩ ላይ

ሕመሙ የመጣው በ2009 አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ሰውየው በሐፍላ ተሳፍሮ የነጭ ዓባይን ድልድይ ወደ ኦምዱርማን እየተሻገረ ሳለ ልቡ ያለ ልክ መምታት ጀመረ። ጣቶቹ ደነዘዙ፤ አየር አጠረው፤ ከአፍታ በኋላ እንደሚሞት ፈጽሞ አልተጠራጠረም። ተሳፋሪዎች ውኃ አፍስሰውበት፣ ደግፈው ወደ አንድ ክሊኒክ አደረሱት። ልቡ ተመረመረ፤ ደሙ ተመረመረ። «ምንም የለብህም» ተባለ። ለሌላ ሰው የምሥራች የሚሆነው ይህ ቃል ለእርሱ ሐዘን ነበር። ምንም ከሌለበት ያ ሁሉ ምን ነበር?

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ በወሩ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ሐኪሞች ይህን የድንጋጤ ጥቃት ይሉታል። አካል ከአውሬ ለመሸሽ የሚያዘጋጀው ኃይል አውሬ በሌለበት ይነሣል፤ ልብ ደም ይረጫል፤ ሳንባ ይጣደፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከጫፍ ደርሶ ከዚያ ይበርዳል። አይገድልም። ጉዳቱ ከጥቃቱ በኋላ ባለው ኑሮ ላይ ነው፤ ሰው ጥቃቱ የያዘበትን ቦታ መሸሽ ይጀምራልና። ሰውየው በመጀመሪያ ድልድዩን ተወ። ቀጥሎ ሐፍላ መሳፈር ተወ። ከዚያም ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ሕዝብ የበዛበት ቅዳሴ ቀረበት። በመጨረሻም መብራት አጥፍቶ ፊልም ማየት አቃተው። ፊልም የሚያከራይ፣ ፊልም የማያይ ሰው ሆነ።

ምክር አልጎደለበትም። አገሩ ሰዎች ጠበል እንዲጠመቅ ነገሩት፤ ተጠመቀ፤ ለጥቂት ቀናት ውስጡ ረጋ። ሱዳናዊት ጎረቤቱ ደግሞ ዛር ሊሆን እንደሚችል በሹክሹክታ ነገረችው። ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዛር ኢትዮጵያና ሱዳን ከሚጋሯቸው ነገሮች አንዱ ነውና። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን አጥንቷል። በሱዳን ሴቶች የዛር ሥርዓት ውስጥም «ሐበሽ» እየተባሉ የሚጠሩ መናፍስት አሉ። የጎንደሩ ልጅ ካርቱም ድረስ ተሰድዶ የአገሩን መንፈስ በዓረብኛ ሲነገረው ሳቀ፤ ከብዙ ወራት በኋላ የሳቀው ያን ቀን ነበር።

በዚህች ከተማ እንዲህ ያለው ነገር በሐኪም ዘንድ የሚናቅ አልነበረም። የሱዳን የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ ነበሩ። በ1911 በነጭ ዓባይ ዳር የተወለዱት እኚህ ሰው ካርቱም በሚገኘው የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው፣ በእንግሊዝ የአእምሮ ሕክምና ካጠኑ በኋላ፣ በ1950 ገደማ በባሕሪ ክሊኒክ ከፈቱ። ሕመምተኛው አስቀድሞ የሄደው ወደ ባሕል ፈዋሹ መሆኑን ስለሚያውቁ ከፈዋሾቹ ጋር ጠብ አልገጠሙም፤ ቀርበው አነጋገሯቸው፤ ሥራቸውን አጠኑ፤ አብረዋቸውም ሠሩ። በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት የአካባቢው የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆነው አገልግለዋል፤ ከ1964ቱ የጥቅምት አብዮት በኋላም የአገሪቱ የሉዓላዊነት ምክር ቤት አባል ሆነዋል። በ1970 ዐረፉ፤ ኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል። ከእርሳቸው ሥራ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሕመምተኛ ሁለት በር ቢያንኳኳ ከሁለቱ አንዱን ዝጋ ተብሎ መገደድ የለበትም።

ነጯ ኪኒን

ሰውየው በመጨረሻ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። የታዘዘለት ሰርትራሊን የተባለ መድኃኒት ነው። አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይመጠጥ የሚያደርግ ነው፤ ሱስ ከሚያስይዙት ከእነ ቫሊየም ወገን አይደለም። ሆኖም ትዕግሥት ይጠይቃል። ፋርማሲው ውስጥ የነበረችው ወጣት ሱዳናዊት፣ «ያ ዐም፣ መጀመሪያ ይብስብሃል፤ እንዳትተወው፤ በራስህ ፈቃድም በድንገት እንዳታቋርጠው» አለችው። እንዳለችውም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የከፉ ነበሩ፤ ሆዱ ተረበሸ፤ እንቅልፉ ሸሸ። በአምስተኛው ሳምንት ድልድዩን በሐፍላ ተሻገረ። ልቡ መታ፤ ግን አልሞተም። ከድልድዩ ማዶ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ ተቀምጦ ሁለት ብርጭቆ ሻይ በላዩ በላዩ ጠጣ።

መኖር ተመለሰ፤ ፊልምም ተመለሰ። ነገር ግን አንድ ሐሙስ ማታ ሱቁ ውስጥ ከደንበኞቹ ጋር አዲስ የመጣ ፊልም እያየ ሳለ፣ ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሲጠራርጉ የእርሱ ዓይን ደረቅ መሆኑን አስተዋለ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ ሆነ። ፍርሃቱን የወሰደችለት ኪኒን እንባውንም አብራ ወስዳው ይሆን? ሐኪሙ ጥያቄውን አላጣጣለበትም። ይህን መድኃኒት ከሚወስዱት ውስጥ ስሜታቸው እንደደነዘዘ፣ ሐዘኑም ደስታውም በመስታወት ወዲያ እንዳለ ያህል እንደሚሰማቸው የሚናገሩ ብዙዎች መሆናቸውን ነገረው፤ መጠኑንም በጥቂቱ ቀነሰለት።

ሰውየው ግን ፊልሙንም ተጠያቂ ማድረጉን አልተወም። ለዚህም ማስረጃ ነበረው። በ1930ዎቹ የተሠራ የአሜሪካ ፊልም አንዱን ምስል በአማካይ አሥር ሰከንድ ያህል ሳይቆርጥ ያሳይ እንደነበር የለኩት ሰዎች ጽፈዋል፤ የዛሬው ፊልም ግን አራት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ወደ ሌላ ምስል ይዘልላል። የሚያለቅስ ፊት በአራት ሰከንድ አይታይም። የአሜሪካው ፊልም ሰማይ ጠቀስ ፎቆችን ያፈርሳል፤ ከፍርስራሹ ሥር ስላለው ሰው ግን አይጠይቅም። የአማርኛው ደግሞ ዘመናዊ ሳሎን፣ ዘመናዊ መኪና፣ የውሸት ፀነስኩና የውሸት ሀብታም ነኝ የበዛበት ቀልድ እየሆነ ሄደ። ሰውየው ራሱን ለመፈተን ብሎ አንድ ማታ በልጅነቱ ያየውን የሕንድ ፊልም ከመደርደሪያ አውጥቶ ብቻውን አየ። እናትና ልጅ ሲገናኙ እንባው መጣ። ደስ አለው። ቆይቶ ሲያስበው ግን ፈተናው ብዙም እንዳላስረዳው ተረዳ፤ ያለቀሰው ለፊልሙ ይሁን፣ ጣሪያ በሌለው ሲኒማ ውስጥ ተቀምጦ ለነበረው ልጅ ይሁን፣ ሊለየው አልቻለም።

መድኃኒትና ፊልም በካርቱም

ካርቱም መድኃኒትና ፊልም በክፉ አጋጣሚ የተገናኙባት ከተማ ናት። በ1997 መጨረሻ «ዋግ ዘ ዶግ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ወጥቶ ነበር፤ ከሴት ጋር በተያያዘ ቅሌት የተያዘ ፕሬዚዳንት ሕዝቡ ፊቱን ወደ ሌላ እንዲያዞር አማካሪዎቹ የሌለ ጦርነት በፊልም ባለሙያ እጅ ሲፈበርኩለት የሚያሳይ ነው። በኦገስት 20 ቀን 1998፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በራሳቸው ቅሌት ቃላቸውን በሰጡ በሦስተኛው ቀን፣ የአሜሪካ ሚሳይሎች ባሕሪ የሚገኘውን የአሽ-ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ አወደሙ። ለኬሚካል መሣሪያ የሚሆን ንጥረ ነገር ይሠራበታል የሚል ምክንያት ተሰጠ፤ የቀረበው ማስረጃ ግን ኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ብዙ የዓለም ጋዜጦች ያን ፊልም ያነሡት በዚያን ሰሞን ነው። ለካርቱም ነዋሪ ግን ነገሩ የፊልም ጨዋታ አልነበረም፤ ለሰውና ለከብት የሚሆን መድኃኒት ይወጣበት የነበረ ፋብሪካ አመድ ሆኗል።

ከዚያም በኋላ መድኃኒት ማግኘት ለሱዳን ነዋሪ ቀላል ሆኖ አያውቅም። በኖቬምበር 2016 መንግሥት ለመድኃኒት አስመጪዎች በርካሽ ይሰጥ የነበረውን የውጭ ምንዛሪ ሲያቆም ዋጋው በአንድ ጊዜ ናረ፤ ሕዝቡም ተቃውሞ ወጣ፤ ፋርማሲዎችም አድማ መቱ። መንግሥት የዋጋ ዝርዝሩን ቢሰርዝም ዕጥረቱ አልተቃለለም። ሰውየው በዚያ ሰሞን ኪኒኑን ፍለጋ ከዴም እስከ ኦምዱርማን ገበያ ድረስ በእግሩ ዞሯል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ፈላጊዎች በየበሩ ተሰልፈው ጮክ ብለው ሲጠይቁ፣ እርሱ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፎ በእጁ ያቀብል ነበር። «ለምን በሽታ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከኋላው እንዳይኖር ይሠጋል።

የፊልም ቅሬታው ትክክለኛ መልኩን የያዘው እዚህ ላይ ነው። በሱቁ ካለፉት ሺህ ፊልሞች ውስጥ እንደ እርሱ ኪኒን ውጦ ሥራ የሚገባ ሰው አይቶ ያውቅ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። በ1975 የወጣውና አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች የወሰደው የሚሎሽ ፎርማን ፊልም፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ኪኒንን የጨቋኟ ነርስ መሣሪያ አድርጎ ያሳያል። በ2001 የወጣው «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» የሒሳብ ሊቁን የጆን ናሽን ሕይወት ሲተርክ፣ ባለታሪኩ በእርጅናው ዘመን አዳዲስ መድኃኒቶች እንደሚወስድ ያናግረዋል፤ እውነተኛው ናሽ ግን ከ1970 ወዲህ መድኃኒት አለመውሰዳቸውን ተናግረዋል። የፊልሙ ሠሪዎች የፈሩት ሕመምተኞች ይህን አይተው መድኃኒታቸውን እንዳይጥሉ ነበር። በ2019 የወጣው «ጆከር» ደግሞ መንግሥት በጀት ቆርጦ ሕክምናውና ሰባት ዓይነት መድኃኒቱ የተቋረጠበትን ሰው ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል። ከኪኒኑ ጋር ያለ ሰው ድንጉዝ ነው፤ ያለ ኪኒኑ ያለ ሰው ገዳይ ነው። በአማርኛው ፊልምም «እብዱ» ወይ የሚያስቅ ነው፣ ወይ ፍቅር ያሳበደው ነው። ማታ ኪኒኑን ውጦ፣ ሳህን አጥቦ፣ ጠዋት ሱቁን የሚከፍተው ተራ ሰው ግን የትም የለም።

በሃያ ዓመቱ ይሞታል የተባለው ልጅ

«ጆከር» በ2019 በቬኒስ ፌስቲቫል ወርቃማውን አንበሳ ሲቀበል፣ በዚያው ፌስቲቫል ለአንድ ዳይሬክተር የመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት የወሰደው የሱዳናዊው አምጀድ አቡ አላላ ፊልም ነበር። ርዕሱ «በሃያ ዓመትህ ትሞታለህ» ይላል። ታሪኩ ከደራሲ ሐሙር ዚያዳ አጭር ልቦለድ የተወሰደ ነው። በጀዚራ አካባቢ አንዲት እናት አራስ ልጇን ለማስባረክ ወደ ሼኹ ትወስዳለች፤ አንዱ ደርቪሽ ቁጥር እየቆጠረ ሃያ ላይ ሲደርስ ይወድቃል፤ ልጁም በሃያ ዓመቱ ይሞታል ተብሎ ይተረጎማል። አባት ሸክሙን አልችል ብሎ ይሰደዳል። እናት ጥቁር ለብሳ ቀን ትቆጥራለች። ልጁም ሞቱን እየጠበቀ ያድጋል፤ በኋላ ግን ዓለምን ዞሮ የተመለሰ፣ ካሜራና የድሮ ፊልሞች ያሉት አንድ ሰው ከመንደሩ ውጭ ሌላ ሕይወት መኖሩን ያሳየዋል።

ሰውየው ይህን ፊልም ያየው በአንድ ዘመዱ ኮምፒዩተር ነው። ኪኒን የሚባል ነገር በፊልሙ ውስጥ የለም። ነገር ግን ያልመጣ ሞት እየጠበቁ መኖር ምን እንደሚመስል በአንድ ልጅ ፊት ላይ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይጮኽ ያሳየዋል። ካሜራው ልጁ ዝም ሲል አብሮት ዝም ይላል። ሰውየው አለቀሰ፤ ኪኒኑን ከዋጠ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር። ስለዚህ ኪኒኗ ከክሱ በከፊል ነጻ ወጣች። ፈጽሞ ነጻ አልወጣችም፤ በእናቱ ቀብር ቀን ሊመጣ ሲገባ ያልመጣው እንባ እስከ ዛሬ ያሳዝነዋልና። ሆኖም ዋጋው ይህ ከሆነ፣ ድልድይ ለመሻገር የከፈለው ዋጋ መሆኑን ተቀብሎታል።

ቀዳም ስዑር

ጦርነቱ የፈነዳው ቅዳሜ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ነው። ለሙስሊሙ የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት ነበሩ፤ ለኢትዮጵያውያኑ ኦርቶዶክሶች ደግሞ የ2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር። ዶሮና እንቁላል የተገዛበት፣ ቄጠማ የታሰረበት ጠዋት በጥይት ድምፅ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኞቹ የካርቱም ሆስፒታሎች አገልግሎት አቆሙ፤ ፋርማሲዎችም ተዘረፉ፤ ተዘጉ።

ሰውየው የገረመው ነገር ቢኖር የራሱ መረጋጋት ነው። ጎረቤቶቹ ሲንቀጠቀጡ እርሱ ውኃ ይቀዳል፤ ልጆችን ከመስኮት ያርቃል፤ ማን መቼ መውጣት እንዳለበት ያሰላል። ለዓመታት ምክንያት ሲፈልግ የኖረው ፍርሃት በመጨረሻ ምክንያት አገኘ፤ ሁሉም ሰው እንደ እርሱ ሆነ። አንዲት አሮጊት ሱዳናዊት፣ «አንተስ አትፈራም እንዴ?» ብትለው፣ «እኔ ቀደም ብዬ ጨርሼዋለሁ» አላት።

የቀሩት ኪኒኖች ግን አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። የፋርማሲዋን ልጅ ቃል አልረሳምና በድንገት ላለማቋረጥ እያንዳንዷን ለሁለት ከፈላት። በወድ መደኒ አድርገው ገዳሪፍ ሲደርሱ አለቀች። ከዚያ የመጣውን መድኃኒቱን የሚያውቁት ሰዎች ያውቁታል፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ዓይን ሲዞር ጭንቅላት ውስጥ ብልጭ የሚል የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ነገር፣ ከእውነት የማይለይ ሕልም። ጥይት በሌለበት በገዳሪፍ ጸጥታ ውስጥ የድልድዩ ፍርሃት ተመለሰ። አብረውት የተሰደዱት «አሁንማ ከሞት ወጥተናል፤ ምን ሆነህ ነው?» ይሉት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ከአምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይገምታል። በዚያ ግቢ የተጠለሉት ሃያ ሰዎች ነበሩ፤ ሒሳቡን በልቡ ሠራ፤ የቀሩትን ሦስት ሰዎች በዓይኑ ፈለጋቸው። ከሰባት ሳምንት በኋላ ኪኒኑ ተገኘ፤ እንደገና ከመጀመሪያው፣ በትንሽ መጠን ጀመረ።

ሁለት «ካርቱም»

በዚህች ከተማ ስም የተጠሩ ሁለት ፊልሞች አሉ። የመጀመሪያው በ1966 የወጣ ነው፤ ቻርልተን ሄስተን ጎርዶንን፣ ላውረንስ ኦሊቪዬ ደግሞ ፊቱን አጥቁሮ ማህዲን ሆነው ይሠሩበታል። ሁለቱ ባላንጣዎች በፊልሙ ፊት ለፊት ተገናኝተው ይነጋገራሉ፤ በታሪክ ግን ተገናኝተው አያውቁም። የወንዙ ትዕይንትም የተነሣው በግብፅ ነው። ሁለተኛው በ2025 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ አራት ሱዳናውያንና አንድ እንግሊዛዊ ዳይሬክተር አብረው ሠርተውታል። ቀረጻው የተጀመረው ከጦርነቱ በፊት ሲሆን፣ ባለታሪኮቹ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ አንድ የአብዮቱ በጎ ፈቃደኛ ወጣትና ጠርሙስ ለቅመው የሚሸጡ ሁለት ልጆች ናቸው። ጦርነቱ ሁሉንም ካሰደዳቸው በኋላ ያዩትን በስደት ላይ ሆነው፣ ከኋላቸው አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቶ፣ ራሳቸው እንደገና ይተውኑታል። አረንጓዴው መጋረጃ ሆሊውድ ፎቆችን የሚያፈርስበት ያው መሣሪያ ነው፤ እዚህ ግን የፈረሰች ከተማ ሰዎች ወደ መንገዳቸው ለመመለስ ይጠቀሙበታል። ሰውየው ስለዚህ ፊልም ሰምቷል እንጂ ገና አላየውም። የሚያየውን ፊልም በጉጉት ሲጠብቅ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

በ2025 መጨረሻ ወደ ካርቱም ተመልሷል። ሱቁ በር የለውም፤ ዲስኮቹም የሉም። ሰው በስልኩ ፊልም በሚያይበት ዘመን ዲስኮቹ ባይዘረፉም ብዙ አይጠቅሙትም ነበር፤ አሁን በዚያች ክፍል ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ውኃና ብስኩት ይሸጣል። ኪኒኑን ከፖርት ሱዳን በሚመጣ ሰው ያስመጣል፤ ከሦስት ወር ያነሰ በቤቱ እንዳይኖር ይጠነቀቃል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ወጣት ስልኳን ልታስሞላ መጣች። ስልኩ እስኪሞላ ድረስ ዝም ብላ ቆየችና ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ተኩስ የለም፤ ግን ሌሊት ሌሊት ልቤ ይመታል፤ የምሞት ይመስለኛል። ሰው ብጠይቅ ምንም የለብሽም ይለኛል» አለችው። ሰውየው ወንበር አቀረበላት። ስም እንዳለው ነገራት፤ እንደማይገድል ነገራት፤ የትኛው ሐኪም ሥራ እንደጀመረና በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኝ ጻፈላት። ጠበልሽንም አትተዪ፣ ሐኪምሽንም አትተዪ አላት። ቀጥሎ ከጠረጴዛው መሳቢያ የኪኒኑን ፓኮ አውጥቶ፣ ሌሎች ደንበኞች ቆመው እያዩ፣ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበላት።